ደግነት በተቀናሽ

«ለወገን ድጋፍ ብር 350 ከትርፍ ድርሻዎ ላይ ተቀናሽ ተደርጓል። ስለ በጎ ፈቃድዎ ከልብ እናመሰግናለን።»

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ደራሲ ራሱ ያላመነበትን ነገር አንባቢን ለማሳመን ላብ በላብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ይህን ያህል ልብ ወለድ ታጭቆ ያየሁት ግን ባለፈው ጥቅምት ነው። ጽሑፉ የደረሰኝ አባል ከሆንኩበት አንድ የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ነገሩ የአንድ ማኅበር ገመና ይመስላል፤ እኔ እስከማየው ድረስ ደግሞ ገመናው የጋራ ነው። ከደመወዙ፣ ከቦነሱ ወይም ከትርፍ ድርሻው ላይ ሳይጠየቅ «ለበጎ ሥራ» ተቆርጦበት የማያውቅ ተቀጣሪ ካለ እሱ ዕድለኛ ሰው ነው።

እስቲ ጽሑፉን እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጥተን እንየው።

«ተቀናሽ ተደርጓል።» ማን አደረገው? የአማርኛዋ «ተ» ጉደኛ ፊደል ናት። ልጆች ሆነን ብርጭቆ ከእጃችን ሲያመልጥ እናታችን ስትመጣ የምንላት «ተሰበረ» ነበር። «ሰበርኩት» ያለ ልጅ እኔ አላጋጠመኝም። ብርጭቆው በራሱ ፈቃድ ወለሉ ላይ ወጥቶ የተሰበረ እስኪመስል ድረስ ያቺ ፊደል ሰባሪውን ከነእጁ ትሰውረዋለች። ኮሚቴዎቻችንም ያደጉት እንደኛው ቤት ውስጥ ነውና «ቀነስን» አይሉም፤ «ተቀነሰ» ይላሉ። የሚገርመው የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። «እናመሰግናለን» ይላል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ብቅ አለ! ቅነሳው ላይ ያልነበረ ሰው ምስጋናው ላይ ተገኘ። ለሥራው ባለቤት የለውም፣ ለምስጋናው ግን «እኛ» አለን።

ከሁሉ የባሰችው «በጎ ፈቃድዎ» ናት። ፈቀደ የሚለው ግሥ በግዕዝ ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የሚለኝ «350 ብር ለመስጠት ሽተዋል» ነው። መቼ ሻሁ? ገንዘቡ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በወረቀት እስኪነገረኝ ድረስ የራሴን መሻት እኔው አላውቀውም ነበር። ሌላ ሰው በውስጤ ገብቶ ሽቶልኝ ወጥቷል ማለት ነው።

«ለ350 ብር ይህ ሁሉ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ልመልሰው። መጀመሪያ ግን ትርፍ ድርሻ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ባጭሩ ላስረዳ።

የቁጠባና ብድር ማኅበር አዲስ ነገር አይደለም። እኛ አገር የአየር መንገድ ሠራተኞች በ1950ዎቹ ያቋቋሙት ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው። አባሉ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩ ከደመወዙ ይቆጥባል። ማኅበሩ ያንን ገንዘብ መልሶ ለአባላቱ በወለድ ያበድራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋና ሒሳቡ ሲመረመር ከወጪ ተርፎ የተገኘው ትርፍ ይባላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ፣ ቀሪው ለአባላት እንዲከፋፈል ይደነግግ ነበር። እሱን በ2009 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 985ም ቢሆን የማኅበር የመጨረሻው ባለሥልጣን ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን አልቀየረም። ባጭሩ፣ ትርፍ ድርሻ ማኅበሩ ለአባሉ የሚሰጠው ጉርሻ አይደለም። አባሉ ባስቀመጠው ገንዘብ፣ ከአባሉ በተሰበሰበ ወለድ የተገኘ የአባሉ ሀብት ነው። «ማኅበሩ ሰጠን» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ነገሩን ገና ከጅምሩ ያጣምመዋል። ሰጪ መስሎ የታየ አካል ትንሽ ቆንጥሮ ቢያስቀር ማን ምን ይለዋል? ከገዛ እጁ የሰጠንን ነው የቆነጠረው ብለን እናልፈዋለን።

አሁን ወደ 350 ብሯ እንመለስ። ቅነሳው የተደረገው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ከሁሉም እኩል። በማኅበራችን ውስጥ ከፍተኛ ባለሙያዎች አሉ፤ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም አሉ። የእኔ ድርሻ 4 ሺሕ ብር ገደማ ነበር፤ 350 ሲነሣለት ብዙም አላነሰም። አንዲት የማውቃት የጽዳት ሠራተኛ የደረሳት 900 ብር ነው። ከ900 ላይ 350 ስትነሣ ከሲሶ ትበልጣለች። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ላይ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ እንደማይቻል ይናገራል። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ልብ በሉ፤ ባለዕዳ ሆና ተከሳ፣ ተረትታ፣ ዳኛ ፊት ቆማ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሲሶው ላይ የሚገታ አጥር ነበራት። ትርፍ ድርሻ ደመወዝ ስላልሆነ አጥሩ እዚህ አይደርስም። ደግነት ከዕዳ የበለጠ ወሰደባት።

ለምን ዓላማ? ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ። እሷም የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ሳምንታት በብድር ያሳለፈችው ትርፍ ድርሻው ሲወጣ ለሁለት ልጆቿ የተገዛውን ደብተርና ዩኒፎርም እከፍላለሁ ብላ ነው። ከችግረኛ ተማሪ እናት ላይ ተቆርጦ ለችግረኛ ተማሪ ተሰጠ። ይህን ያወቅሁት እሷ አቤቱታ አቅርባ አይደለም። ሒሳብ ክፍል መስኮት ላይ ተራ ስንጠብቅ ወረቀቷን እንዳነብላት ስትሰጠኝ ነው። «ዕዳ አለብኝ እንዴ ጋሼ?» ነበር ጥያቄዋ።

ተራዬ ሲደርስ ልጅቷን ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ይቺን 350 ማን ፈቀዳት?»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ብቻ እኮ አይደለም፤ ከሁሉም ነው።»

(ይህ መልስ በአገራችን ስንት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚያገለግል አስቡት። ከሁሉም የተወሰደ ከማንም እንዳልተወሰደ ይቆጠራል።)

«ጠቅላላ ጉባኤው አጽድቆታል?»

«ኮሚቴው ነው የወሰነው። ለተቸገሩ ልጆች ነው፤ ማን ይቃወማል ብለው ነው?»

ትንሽ ዝም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከእኔም ተቆርጧል እኮ» አለችኝ።

ከልጅቷ ጋር ጠብ የለኝም። ኮሚቴው ግን በኋላ ለጥያቄያችን መልስ ሲሰጥ አንድ ትልቅ ስም ጠራብን፤ «ሰባተኛው መርሕ» አለን። እውነት ነው፣ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ተሰብስቦ ሰባት መርሖች አጽድቋል፤ ሰባተኛው ለአካባቢ ኅብረተሰብ ማሰብን የሚመለከት ነው። ኮሚቴያችን የጠቀሰው የመርሑን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ማኅበራት ለአካባቢያቸው ልማት የሚሠሩት አባላቱ ባጸደቁት ፖሊሲ መሆኑን ይናገራል። ዓረፍተ ነገርን እስከ ነጥቡ ድረስ ማንበብ ሥነ ጽሑፍ መማር አይጠይቅም፤ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

የኅብረት ሥራ አባት ተደርገው የሚቆጠሩት የሮችዴል ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎችም በ1844 እ.ኤ.አ. ትንሿን ሱቃቸውን ሲከፍቱ ድሆች ነበሩ። ትርፋቸውን በየሸመታቸው መጠን ይከፋፈሉ ነበር። ቆየት ብለው ከትርፋቸው ላይ 2.5 በመቶ ለትምህርት እንዲውል ወሰኑ፤ ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ክፍል አደራጁበት። እነሱም ቀንሰዋል እንግዲህ! ግን በመቶኛ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት። ደግሞም መተዳደሪያቸው ላይ አስቀድሞ ሰፍሯል፤ ገበያተኛው ሳንቲሙን መደርደሪያው ላይ ከማስቀመጡ በፊት ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም።

ለነገሩ እንግሊዝ አገር ምን አስኬደኝ? እድር አለን አይደል!

የእድር ገንዘብ ለምን እንደሚወጣ ደንቡ ይናገራል። አባሉ ሲሞት ይህን ያህል፣ ወላጁ ሲሞት ይህን ያህል፣ ብሎ ቆርጦ አስቀምጧል። ከደንቡ ውጪ የሆነ ችግር ሲመጣ የሚሆነውን በሰፈሬ ደጋግሜ አይቻለሁ። አባል ያልሆነ፣ ቀባሪ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ኪራይ ቤት ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ዳኛው በስብሰባው ላይ ይነሣና ነገሩን ይናገራል። አንዱ «ከካዝናው ይውጣ» ይላል። ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የለም፣ ካዝናው የሐዘንተኛ ነው፤ ከኪሳችን እናዋጣ» ይላል። ክርክር አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ አንዳንዴም ስድብ አለ። ከዚያ አንድ ነጠላ መሐል ላይ ይነጠፋል። አንዱ መቶ ይጥላል፣ አንዱ አሥር። አንዱ «እኔ ዛሬ የለኝም፣ ድንኳኑን እተክላለሁ» ይላል፤ አንዷ «ንፍሮውን እኔ ቤት» ትላለች። ጸሐፊው ሁሉንም ይመዘግባል፤ ድንኳን ተካዩን ጭምር።

ይህ ሰውዬ በእኛ ማኅበር ቢሆን ምን ይሆን ነበር? 350 ይቆረጥበታል። ድንኳኑን ማን ይትከል? የተቆረጠበት ሰው «ድርሻዬን ከፍያለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ አይፈረድበትም። ቅነሳ ብር ብቻ ነው መውሰድ የሚችለው። ጉልበትን፣ ንፍሮን፣ ቀብር ላይ መገኘትን መቁረጫ ኮምፒዩተር እስካሁን አልተሠራም።

እቁብም እንዲሁ ነው። እጣ የወጣለት ሰው ጎረቤቱ ተቸግራ አይቶ «የእኔን ለእሷ ስጧት፣ በእሷ ተራ እወስዳለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። ዳኛው በራሱ ሥልጣን እጣውን ከባለቤቱ ነጥቆ ለችግረኛዋ ቢሰጥ ግን የዚያን ዕለት እቁቡ ይፈርሳል። ችግረኛዋ ያቺው ናት፣ ገንዘቡም ያው ነው። ሰው ሁሉ ልዩነቱ ይገባዋል፤ ማንም አዋጅ አላስተማረውም።

የሃይማኖት አባቶቻችንም ልዩነቱን ያውቁታል። በወንጌል ያቺ ድሃ መበለት ሁለት ሳንቲሟን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ስትጥል የታየችበት ታሪክ አለ። እስቲ በእኛ ዘመን አሠራር አስተካክለን እንጻፈው። የቤተ መቅደሱ ሒሳብ ክፍል መበለቲቱ ሳታውቅ ሁለት ሳንቲሟን ከሒሳቧ ላይ ይቀንሳል፤ ባለጠጎቹም ላይ እንዲሁ ሁለት ሁለት ሳንቲም ይቀንሳል። ታሪኩ የት ሄደ? ጠፋ። የሚታይ ሰው የለም፣ የሚነገር ነገር የለም፤ የቀረው ደረሰኝ ነው። በእስልምናም ዘካ ያለ ኒያ፣ ማለትም ሰጪው በልቡ ሳያስበው፣ ዘካ አይሆንም የሚሉት ሊቃውንት ይበዛሉ። እንግዲህ ከሙስሊም አባላቶቻችን የተቆረጠው 350 ብር በምን ስም ይመዝገብ?

ዝምታን እንደ እሺታ መቁጠር የኮሚቴዎች ሁሉ ዘዴ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1682 ለቀረበለት ጥያቄ ዝም ያለ ሰው እንደ ተቀበለ እንደማይቆጠር በመርሕ ደረጃ ደንግጓል። የእኛ ዝምታ እንዲያውም ከዚያም ያነሰ ነው፤ ጥያቄም አልቀረበልንም። ሳንጠየቅ ነው ዝም ያልነው።

ዝምታ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ለማየት የእንግሊዝን የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የመሰለ የለም። በ1913 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ «አልፈልግም» ብሎ ያልጻፈ አባል የፖለቲካ መዋጮ እንዲከፍል ፈቀደ። በ1927 ወግ አጥባቂዎቹ ገለበጡት፤ «እፈልጋለሁ» ብሎ ያልጻፈ አይከፍልም ተባለ። በማኅበራቱ በኩል ለሌበር ፓርቲ የሚያዋጣው አባል ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በ1946 ሌበር ሥልጣን ላይ ሆኖ መልሶ ገለበጠው። በ2016 ወግ አጥባቂዎቹ ለአዲስ አባላት እንደገና ገለበጡት። መቶ ዓመት ሙሉ የተጣሉት በማን ዝምታ ማን ይጠቀም በሚለው ነው! ገንዘብ ብቻም አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ለመለገስ እንደ ተስማሙ የሚቆጠሩትን አነጻጽሮ ነበር። ሰው ራሱ «እፈልጋለሁ» ማለት በሚጠበቅበት በጀርመን 12 በመቶ፣ «አልፈልግም» ያላለ ሁሉ ተስማምቷል በሚባልበት በኦስትሪያ ከ99 በመቶ በላይ ሆነ። ኦስትሪያውያን ከጀርመኖች ስምንት እጥፍ ደግ ስለሆኑ ይመስላችኋል? ቅጹ ነው ደጉ። እንዲያም ሆኖ ኦስትሪያዊው «አልፈልግም» የሚልበት መዝገብ አለው። የእኛ ማኅበር ይህም የለው።

አንድ ወዳጄ፣ እሱም በሌላ ማኅበር ውስጥ ኮሚቴ ነው፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ሕዝባችንን አታውቀውም። ካልተቆረጠበት አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ቅጽ እየበተንክ ስትለምን የሙት ልጁ ትምህርት ቤት ይዘጋል» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰው ረሺ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ቅጽ መሙላት አይወድም፤ የሚሰጥም ሰው ይዘነጋል። ለመስጠት አስቦ ወራት የሚያልፉት ሰው ብዙ ነው። ድርቅና ጎርፍ ደግሞ ቅጽ እስኪሞላ አይጠብቅም። ይህን እቀበላለሁ።

«ካልተቆረጠበት አይሰጥም» የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ፣ የካቲት ላይ፣ መቄዶንያ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን የጀመረውን ሕንፃ ለመጨረስ በቀጥታ ስርጭት እርዳታ ሲጠይቅ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዞ የተቀመጠው፣ ከአረብ አገር የቤት ሠራተኛ ደመወዟ ላይ የላከችው፣ ሃምሳ ብር አስገብቶ ስሙ ሲጠራ ቤተሰቡን የቀሰቀሰው ሰው ማንም አልቆረጠበትም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰበሰበ። ያው «ካልተቆረጠበት አይሰጥም» የተባለው ሕዝብ ነው። ልዩነቱ ተለመነ፤ የሚረዱትን ሰዎች ፊት አየ፤ ሕንፃው የት እንደቆመ ያውቃል።

ደግሞም በዚህች አገር በስጦታ ስም የሚወሰድ ነገር ታሪክ አለው። እጅ መንሻ በስሙ ስጦታ ነበር፤ ጭሰኛው ሳይዝ ቢመጣ የሚደርስበትን ግን ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህም «በራሱ ተነሣሽነት» የወር ደመወዙን የለገሰ ሠራተኛ በየዘመኑ በሬዲዮ ሲነገርለት ሰምተናል፤ ተነሣሽነቱ መኖሩን ያወቀው ከሬዲዮው ነው። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ሲሸጥ እንኳ፣ ግንባታው መጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰው በሙሉ ልቡ ገዝቷል፤ ቦንዱም ብድር ስለሆነ ይመለሳል። ሆኖም ከገዢዎቹ መካከል «ከመሥሪያ ቤቴ ብቻዬን እንዴት እቀራለሁ» ብሎ የፈረመውን እኔም እናንተም እናውቀዋለን። የሚያሳዝነኝ በደስታ የሰጠው ሰው ነው። በግድ ከሰጠው ጋር አንድ ላይ ተቀይጦ፣ ስጦታውን ማንም ሊለይለት አይችልም።

ወደ ማኅበራችን ልመለስና የምስጋናውን ነገር ልንገራችሁ። ገንዘቡ ሲተላለፍ ሥነ ሥርዓት ነበር። ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ሊቀመንበራችን ከትልቅ የካርቶን ቼክ ጀርባ ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ በሌላው እጃቸው የምስክር ወረቀት ይዘዋል። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የማኅበሩ ስምና የሥራ አመራር ኮሚቴው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገሬ ሰው፤ ፎቶው ላይ ግን አድምቋል፣ ምን ይደረግ። ከፎቶው በታች ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ቀና ብላም አላየችውም።

አባላት ፊርማ አሰባስበን ኅዳር ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ገና ሲጀምሩ «ለመሆኑ የሙት ልጅ ደብተር እንዳይገዛለት የሚፈልግ ካለ እጁን ያውጣ» አሉ። ብልኃቱን ማድነቄ አልቀረም። እጁን የሚያወጣ ይኖራል? አዳራሹ ጸጥ አለ። ይኸው ነው አሠራሩ። ስለ አሠራር የጠየቀ ሰው በሕፃናት ላይ የተነሣ ይመስላል፤ የሒሳብ ጥያቄ ወደ ጭካኔ ይተረጎማል፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ጨካኝ ከመባል 350 ብር ይቅርብኝ ይላል። ኮሚቴው የሚተማመነው በንፉግነታችን ላይ መሰላችሁ? በይሉኝታችን ላይ ነው።

ጸጥታውን የሰበሩት ከኋላ ወንበር የተነሡ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው።

«ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩን፣ «ብሩን መልስልኝ አላልኩም። ልጆቹ የት ነው ያሉት?»

«ማለት?»

«የት ሰፈር? ስንት ናቸው? ስንተኛ ክፍል ናቸው? እኔ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላስጠናቸው እችላለሁ እኮ። ብትጠይቁኝ ደብተሩንም ከዚህ የበለጠ እገዛ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላበጠ። ገንዘቡ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ በደብዳቤ ቁጥር ይህን ያህል ተላልፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። የተቀበሉት ልጆች ቁጥር የለም። ሪፖርት አልተጠየቀም፤ ማን ይጠይቅ? ኮሚቴው ገንዘቡ የራሱ ስላልሆነ አልተከታተለም፣ እኛ መስጠታችንን ስላላወቅን አልተከታተልንም። ሰጪ የሌለው ገንዘብ እንዲህ ነው፤ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ የሚጮህለት የለም። እኔ ያጉረመረምኩት በቃላት ላይ ነበር፤ እሳቸው አንድ ጥያቄ ጠይቀው ነገሩን ጨረሱት።

ያን ዕለት ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛው፣ በሚቀጥለው ዓመት ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት ለእያንዳንዱ አባል አንዲት ቁራጭ ቅጽ እንድትታደል ነው፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ተጽፎባት፣ «እሰጣለሁ»፣ «አልሰጥም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖችና መጠኑ የሚጻፍበት ባዶ መስመር ያላት። በጥቂት ድምፅ ልዩነት አለፈ። የተቃወሙት «ሥራ ይበዛል» ብለው ነው።

ሁለተኛው ከስብሰባው በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከፎቶው ጎን ተለጥፎ አየነው። «የተቀነሰባቸውን ገንዘብ እንዲመለስላቸው የሚፈልጉ አባላት ምክንያታቸውን በዝርዝር ጠቅሰው በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ» ይላል። ያልሰጠነውን ለማስመለስ ምክንያት መጻፍ አለብን። ለጽዳት ሠራተኛዋ ማመልከቻዋን እኔ ጻፍኩላት። በምክንያቱ ቦታ ላይ «የራሴ ስለሆነ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ጥር ላይ ተመለሰላት። መምህርቷም አመልክተዋል፤ የእሳቸው ማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የልጆቹን አድራሻ ነው የሚጠይቀው። እስካሁን መልስ አልተጻፈላቸውም።